የአንደኛ «ለ» ሠዓሊ

አሮጌው ትምህርት ቤት የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ በተመረቀ ዕለት፣ ጡረታ የወጡት መምህር ካፖርታቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ድሮ ያስተማሩበት የአንደኛ «ለ» ክፍል የሥዕል አዳራሽ ሆኗል። ጥቁር ሰሌዳው በነበረበት ግድግዳ ላይ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት አንዲት ሴት ጀርባዋን ለእንግዶቹ ሰጥታ ትልቅ ዋርካ ትሥላለች። የምትሥላቸው ቅጠሎች ነፋስ የነካቸው ይመስላሉ።

«ይቺ ማን ናት?» ብለው አስተናጋጁን ጠየቁት።

«የውብዳር ትባላለች፣ ጋሼ። እዚሁ ክፍል መጻፍ ያስተማሯት እርስዎ ነዎት አሉ።»

ሊያስታውሷት አልቻሉም። ቢሆንም ደረታቸውን ነፉ። «አዎ፣ እኔ ነኝ!» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። «እኛ እንደ ዛሬዎቹ መምህራን ማባበል አናውቅም። ገርፈን ነው ሰው ያደረግናቸው!»

እንግዶቹ ሳቁ፤ አንዳንዱም አጨበጨበ። መምህሩ በከዘራቸው መንገድ አስለቅቀው ወደ ሴትዮዋ ተጠጉና፣ «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ!» አሉ።

ድምፃቸውን ስትሰማ ክው አለች። ዞር ብላ አየቻቸውና አንገቷን ደፋች።

«ይቅርታ ቲቸር፣ ረስቼው ነው» አለችና ብሩሹን ከግራ እጇ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረች።

ሳቁ ቆመ። መምህሩ መግቢያ ጠፋቸው። «ኧረ ተይው፣ በዚያኛው ይሁን» ሊሉ አሰቡና ከዘራቸውን ወደ ኋላቸው ሸሸጉ።

እሷ በቀኝ እጇ አንድ ጠማማ ቅርንጫፍ ሣለችና፣ ልክ ነው እንዲሏት ቀና ብላ አየቻቸው።