ከውስጥ አመዳይ የያዘው መስኮት

እ.ኤ.አ. 2018 ነበር። ወሩ ጥር፣ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስድስት።

"አባዬ፣ ዛሬም አትመጣም?" አለችኝ ልጄ ኦሪሲያ በስልክ።

"ላሞቹን ማን ያያል?"

"ላሞቹ ከእኔ የበለጠ ዕድሜ ቀርቷቸዋል... ዛሬን ተዋቸው።"

ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ካንሰሩ ጉበቷ ደርሷል። ሐኪሞቹ "እስከ ግንቦት ብትቆይ ነው" ብለዋል።

እሷ ግን አልተኛችም። አኮርዲዮን መማር ጀመረች። ፀጉሯ በረገፈው ራሷ ላይ የእኔን የሱፍ ኮፍያ ደፍታ በየመንደሩ ገንዘብ ትሰበስባለች።

አፍሬባት ነበር። በእኛ ግዛት በሳስካችዋን ገበሬ እጁን ለልመና አይዘረጋም።

ለምን እንደምትሰበስብ እንኳ አልጠየቅኳትም። ባሕር ለማየት መሰለኝ...

ሄድኩ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ገንዘብ በሚሰበሰብበት የመንደሩ አዳራሽ በር ላይ ቆምኩ።

ጎረቤታችን ሜርቪን ጥጃ ያጫርታል። ጥጃዋ የእኔው በረት ልጅ ናት።

"ሦስት ሺህ ዶላር! ተሸጠች!"

"መልሰህ ሽጣት!" አለ ገዢው።

ለታመመ ሰው ስንሰበስብ እንዲህ ነው። ከፍለህ ትመልሳለህ፣ እንደገና ትሸጣለች።

አምስት ጊዜ ተሸጠች።

"ይቺ ጥጃ ከወንድሜ በላይ አገባች፣ ፈታች!" አለ ሜርቪን። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ኦሪሲያ ማይኩን ተቀበለችው።

"ገንዘቡ ለእኔ አይደለም። ከተማ ሆስፒታሉ አጠገብ ለአስታማሚዎች ማደሪያ ልንከራይ ነው።"

ትንፋሽ ወሰደች።

"አምና ተኝቼ ስታከም አንድ ሰው አርባ አንድ ሌሊት መኪናው ውስጥ አደረ። ጠዋት እየመጣ 'ሆቴሉ ይሞቃል' ይለኝ ነበር።"

የካፖርቴን ኮሌታ እስከ ጆሮዬ ሳብኩ።

"እንዴት አወቅሽ?" አላት ሜርቪን።

"ከአራተኛ ፎቅ ይታየኛላ! የመኪና መስኮት ከውስጥ አመዳይ ከያዘ፣ ሰው ውስጡ እየተነፈሰ ነው።"

ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

"እንዳያፍር ብዬ ዝም አልኩት። እሱም እንዳልጨነቅ ብሎ ዋሸኝ... ሁለታችንም ብቻችንን አደርን።"

ስሜን አልጠራችም። ወደ በሩም አልዞረችም።

እጄን አወጣሁ። የራሴን ጥጃ በአራት ሺህ ገዛኋት።

"መልሰህ ሽጣት" አልኩ።

ሰኔ ላይ ቀበርኳት።

ብርዱ ሲመለስ ወሰንኩ። ላሞቹን ሸጥኩና ከተማ ገባሁ። አሁን ማታ ማታ ሆስፒታሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እዞራለሁ። ከውስጥ አመዳይ የያዘ መስኮት ሳይ አንኳኳለሁ።

"ተነስ፣ ክፍል አለ" እላለሁ። የማደሪያውን ቁልፍ እሰጣለሁ።

ወሬ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ እጨምራለሁ... "ፎቅ ላይ ላለው ሰውህ የት እንዳደርክ ንገረው።"

መከራን መደበቅ ፍቅር ይመስለናል። ግን የምንወደውን ሰው ብቻውን ያስቀረዋል።

እናንተስ... "ሆቴሉ ይሞቃል" እያለ የሚዋሻችሁ ማን ነው? ዛሬ ምን ትሉታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።