የኋላ ጎማ

ሰውዬው ስለ መኪናው ወንበር ቆዳና ስለ ቀለሙ ብቻ ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ ይሄ የሚገፋው በኋላ ጎማ ብቻ ነው። ጭቃ ዳገት ላይ ያስቸግርዎታል፤ በአራቱም ጎማ የሚገፋውን ፎርዊል ላሳይዎት?» አለው ሻጩ።

«የጎማ ወሬ የሰነፍ ሰበብ ነው! የድሮ ሹፌሬም እንዲህ እያለ ጭቃ ውስጥ ሲዘፍቀኝ በጥፊ አጩዬ አባረርኩት። አሁን የምነዳው ራሴ ነኝ።»

ሻጩ ጥርሱን ነክሶ ቁልፉን አስረከበው።

ሐምሌ ላይ ሰውዬው ለሻጩ ደወለ። «የቤቴ ዳገት ላይ ተቀርቅሬያለሁ! አማቾቼ ወርደው ጭቃ ውስጥ እየገፉኝ ነው!»

«ሹፌሩን በጥፊ ያጩሉታ፣ ጌታዬ!»

«የምነዳው እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለ ሻጩ፣ ግራ ጉንጩን እየዳበሰ። ሰውዬው ስድስት ዓመት ሙሉ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የሹፌሩን ማጅራት እንጂ ፊቱን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር።