ሰሌዳው ነጭ ሲሆን

ጋቪዮታ የምትባለው ባለሸራ የማሠልጠኛ መርከብ ሳማና ወደብ ስትደርስ ተማሪዎቹ መሬት ከረገጡ አሥራ ሁለት ቀናቸው ነበር። የመርከበኞቹ አለቃ ዶን ሩፊኖ መውረጃው አጠገብ ቆሞ ሕጉን አስታወሳቸው።

«ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ትወርዳላችሁ፤ ጥንድ ጥንድ ሆናችሁ ትመለሳላችሁ። አንዱ ከቀረ ሌላውም በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ነው። አሥር ሰዓት ላይ ነፋሱ ሳይወድቅ እንሄዳለን።»

«ሳትቆጥሩን?» አለ አንዱ ቀልደኛ።

«እኔ ሰው አልቆጥርም። ሰው አንድ ቦታ አይቆምም። ሰሌዳው ሁሉ ነጭ ሲሆን ገመድ እፈታለሁ።»

ሰሌዳው ላይ የእያንዳንዱ ተማሪ ስም ያለባት ትንሽ እንጨት ተንጠልጥላለች፤ አንድ ፊቷ ቀይ፣ አንድ ፊቷ ነጭ። የሚወርድ ወደ ቀይ፣ የሚመለስ ወደ ነጭ ያዞራታል። ዳማሪስ የራሷን ወደ ቀይ አዞረች። ጥንዷ ኤልኪንም አዞረ። ትከሻው ላይ የተወጠረ ከረጢት ነበር።

ዳማሪስ ከረጢቱን በጥርጣሬ አየችው። ኤልኪን ባሕሩ አዙሮት ሲያስመልሰው በሰነበተ ጊዜ «እግሬ መሬት ይርገጥ እንጂ እዚች መርከብ ላይ አልመለስም» ሲል ሰምታዋለች። ሦስት ሌሊት የሱን የጥበቃ ተራ የቆመችለት እሷ ናት። አሁን እሱ ቢጠፋ አብራ የምትባረረውም እሷው ናት። ለዓሣ አጥማጅ ልጅ የመርከብ መኮንን የመሆን ዕድል ሁለቴ አይመጣም። ጭንቀቱ ሳያንስ ጠዋት ቢጫ ሸሚዟን ፈልጋ አጥታ፣ በባሕር ውሃ ታጥቦ በጨው የደረቀውን ሰማያዊ ለብሳ ጀርባዋን እያሳከካት ነው የወረደችው።

«ምን ይዘሃል?» አለችው።

«ጉዳይ አለኝ።»

«የምን ጉዳይ?»

«አንቺ ደግሞ! ፖሊስ ሆንሽ እንዴ? ባይሆን ዓሣ እንብላ።»

ገበያው ዳር ዓሣ ከምትጠብስ ሴትዮ ዘንድ ቆሙ። ዳማሪስ ሳህኖቹን ልትቀበል ፊቷን አዞረች። ስትመለስ ኤልኪን የለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እሷ ግን ስትጠረጥር ውላ ሁለት ሳህን ዓሣ ታቅፋ ቀረች።

«እናቴ፣ አብሮኝ የነበረውን ልጅ አይተውታል?»

«ከረጢት የያዘውን? ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ አውቶቡሶቹ። ጥሎሽ ሄደ እንዴ የኔ ልጅ? አይዞሽ፣ መልከ መልካም ሁሉ እንዲሁ ነው።»

«ኧረ ፍቅረኛዬ አይደለም!»

«መጀመሪያ ሁሉም እንዲያ ይላሉ» አለች ሴትዮዋ ዓሣዋን እየገለበጠች።

ዳማሪስ ዳገቱን በሩጫ ወጣች። ማቆሚያው ላይ ወደ ዋና ከተማው የሚሄዱ ሦስት አውቶቡሶች ቆመዋል። አንድ በአንድ ገብታ ከወንበር ወንበር ፈለገች። ከወንዙ የሚመለሱ ሴቶች የታጠበ ልብስ የሞላ ሳፋቸውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው እየሳቁ አለፏት። መንገድ ዘጉብኝ ብላ ተቆጣች። ቤተ ክርስቲያኑን፣ ፀጉር ቤቱን፣ የቢራ ቤቶቹን በር ሁሉ አዳረሰች። አንድ ቦታ መቆም አልቻለችም። በቆመች ቁጥር አባቷ ጀልባው ላይ ሆኖ «ተመለስሽ?» ሲላት ይታያታል።

ሰዓቱ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ተስፋ ቆርጣ ወደ መርከቧ ሮጠች። ደረጃውን ወጥታ፣ ሕጉ እንደሚያዘው፣ ከሁሉ በፊት እንጨቷን ወደ ነጭ አዞረች። ሰሌዳው ላይ አንድ ቀይ ብቻ ቀርቷል፤ የኤልኪን።

«ጥንድሽስ?» አላት ዶን ሩፊኖ ከገመዶቹ መሃል ቀና ሳይል።

«እየመጣ ነው።»

«እግሩን ያፍጥን። ነፋስ ዘመድ የለውም።»

ዳማሪስ አፍታ ቆማ ወደቡን ቃኘች። ከዚያ ዶን ሩፊኖ ጀርባውን ሲሰጥ ሰሌዳውን ዞራ ሳታይ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች። አንገቱንም ይዛ ቢሆን ታመጣዋለች።

ማቆሚያው ባዶ ነበር።

«የመጨረሻው አሁን ወጣ» አላት የአውቶቡስ ተራ አስከባሪው።

«ከረጢት የያዘ ረዥም ልጅ ተሳፍሯል?»

«አንድ ጎረምሳ ከረጢቱን ታቅፎ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ወንድምሽ ነው?»

ዞራ ሮጠች። ዳገቱን ስትወርድ እንባዋ ከላቧ ጋር ተደባለቀ። ሦስት ሌሊት ቆማለት! ለካፒቴኑ የምትናገረውን መንገድ ላይ አዘጋጀች፦ እሱ ነው የከዳው፣ እኔ ተመልሻለሁ፣ ሰሌዳው ይመስክር።

የመርከቦቹ ማሰሪያ ጫፍ ላይ ስትደርስ ጋቪዮታ ሸራዋን ሞልታ ከወደቡ አፍ ወጥታለች፤ የመርከቧ ኋላ ላይ ኤልኪን ከከረጢቱ እርጥብ ልብስ እያወጣ ገመድ ላይ ያሰጣል፣ አሁን ያሰጣት የዳማሪስ ቢጫ ሸሚዝ ናት።