የአናጢው ግራ ቅንድብ

አናጢው አንገቱን በእጁ ይዞ ሰጋቱራው ላይ ዝርግት ሲል፣ ቫርኒሽ ቀቢው ብሩሹን እንኳ አላስቀመጠም።

«ዛሬ ደግሞ በምን ሞትክ?»

«ንብ…» አለ አናጢው። ድምፁ ዝጎ እንደከረመ ማጠፊያ ሲጥ አለ።

ቀቢው ሳቀ። ምን ያድርግ? ሰውዬው እዚሁ ወለል ላይ ስንቴ ሞቶ ተነስቷል። አንዴ ቀይ ቀለም ደረቱ ላይ አፍስሶ፣ «ምስማር ልቤን ወጋኝ» ብሎ። ሌላ ጊዜ ግንድ ውስጥ ያደረ ዘንዶ ውጦት፣ ሥጋው መረረውና ተፋው። ሐኪሙ የንብ መርዝ እንደማይስማማው ነግሮ፣ እስክሪብቶ የሚመስል መርፌ ሲያዝለት እንኳ ለጓደኞቹ ያወራው «ንቦች ተሰብስበው ሞት ፈረዱብኝ» እያለ ነው። ታዲያ ማን ይመነው?

ጉሮሮው እየጠበበ፣ ከንፈሩ እያበጠ፣ እሱ ግን በር በሩን ያያል። ዛሬ ሚስቱ ትመጣለች። ቀልድህንና ቁም ነገርህን መለየት ሰለቸኝ ብላ እህቷ ቤት ከገባች ወዲህ፣ የስፌት መኪናዋን ጠረጴዛ እጠግናለሁ ብሎ ተቀብሎ «ነገ ነይ» እያለ ሲያመላልሳት ከርሟል። ጠረጴዛው የተጠገነው ገና በመጣበት ቀን ነው።

መጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው።

«አትደንግጪ እትዬ፣ ልማዱ ነው» አላት ቀቢው። «አሁን ይነሳል።»

ተንበርክካ የባሏን ፊት ወደ ብርሃኑ አዞረችው። አንገቱ ላይ ሽፍታ ተንደብድቧል፤ ትንፋሹ ያፏጫል። በደጉ ጊዜ፣ «ስትዋሽ ግራ ቅንድብህ ትነሳለች» እያለች ትስቅበት ነበር። ቅንድቡ ንቅንቅ አላለችም።

«አልዋሸም» አለች። «መርፌው የት ነው?»

በጣቱ የመሣሪያ ሣጥኑን አሳያት። መሮውን፣ መዶሻውን ዘርግፋ አገኘችው። ክዳኑን ነቅላ፣ ከነሱሪው ጭኑን በጎን ወጋችውና ተጭና ያዘችው።

«አንተ፣ ብሩሽህን ጣልና አምቡላንስ ጥራ። ንብ ነድፋው መተንፈስ አቅቶታል በላቸው።»

ቀቢው ብሩሹን ጥሎ ደወለ። «ላስነሳው?»

«እንዳትነካው። ተኝቶ ይቆይ።» የተቆራረጠ ጣውላ ጎትታ እግሩን ከፍ አደረገችለት።

ቀስ እያለ አየሩ መንገዱን አገኘ። እጇ ደረቱ ላይ ነው፤ የጣቶቿ ጫፍ እንደ ድሮው በስፌት ሻክሯል። ይህቺን ሻካራ እጅ በባዶው አልጋ ላይ ስንቴ ሲዳብስ አድሯል።

የአምቡላንሱ ጩኸት መንገዱ መታጠፊያ ላይ ተሰማ።

«ተሻለህ?» አለችው፣ ጎንበስ ብላ።

ተሽሎታል።

«ገና ነኝ» አላት።

ግራ ቅንድቡ ቀስ ብላ ተነሳች። ሚስቱ አየቻት። እጇን ግን ከደረቱ ላይ አላነሳችም።