በእኔ ድምፅ

በልጄ ትምህርት ቤት ከሌላ አገር ለመጣ ተማሪ ሁሉ፣ ጭንቀቱን በስልክ የሚሰማለት አማካሪ በእናቱ ድምፅ የሚናገር ማሽን ይሁን ተባለ። እኔም ከመዝሙረ ዳዊት አንብቤ ድምፄን አስቀርጬ ለትምህርት ቤቱ ሰጠሁ።

ዛሬ ልጄ ትርሲት ዓይኗ አብጦ ገባች።

«ምን ሆንሽብኝ፣ የኔ እናት?»

«እማዬ ደግሞ! ትናንት በስልክ ነገርኩሽ አይደል? አብረሽኝ አለቀስሽ እኮ!»

ትናንት የሆቴል አንሶላ ሳጥፍ ነው የዋልኩት፤ ስልክም አልነካሁም። ለካ ማሽኑን ከእኔ መለየት ትታለች። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በገዛ ድምፄ ቀናሁ።

«እኔ አይደለሁም» ልላት ስል፣ መጥታ ትከሻዬ ላይ ተደገፈች። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«አዎ፣ አለቀስኩ» አልኳት።

አሁን ያስለቀሰንን ነገር ማንን ልጠይቅ?