ባለ ጢሙ

ልብስ ሰፊው ከእናቱ አልጋ አጠገብ የዓሣ ገንዳ ሊያቆምላት ሲነሳ፣ ገና ከመጀመሪያው ሁለት ነገር ለመነችው።

"ከታች ጠጠር አይሁን፤ ደቃቅ አሸዋ አድርግልኝ። ደግሞ የሚቆፍር እንዳታመጣ፤ ውሃውን ያደፈርሰዋል።"

ደስ አለው። ከታመመች ወዲህ አንድም ነገር አምሯት አያውቅም። ሾርባ ሲያቀርብላት እንኳ "በቃኝ ልጄ" ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

"ለአሸዋ ከዚህ ባለ ጢም የሚሻል የለም" አለው ዓሣ ሻጩ፣ ታች የሚርመሰመሱትን እያሳየ። "አሸዋውን ሲያገላብጥ ይውላል፤ የወደቀ ምግብ እንዲበሰብስ አይተውም።"

ልብስ ሰፊው ግን የእናቱን ቃል አክብሮ፣ ላይ ላዩን የሚዋኙ ትናንሽ ዓሦችና አንድ ቀንድ አውጣ ይዞ ተመለሰ።

እናትየው ገንዳውን ወደደችው። ምግባቸውን የምትበትንላቸው ራሷ ነች፤ የሹራቧ እጅጌ ደርቆ አያውቅም። "እማዬ፣ አንድ ቀን አብረሻቸው ስትዋኚ አገኝሻለሁ" እያለ ይቀልድባታል።

መድኃኒቷን በየጠዋቱ አንድ ፍሬ ከነማሸጊያው በመቀሱ ቆርጦ ይሰጣታል። "መፈልቀቁን ለእኔ ተወው፤ እጄ ገና አልሞተም" ብላዋለች። ውሃ ቀድቶ ሲመለስ ጨርሳ ትጠብቀዋለች። አልጋዋ ዙሪያ ብጣሽ ወረቀት እንኳ አይገኝም፤ በጽዳት ነገር ጤነኛ ሳለችም እንዲሁ ነበረች።

ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሐኪሙም ግራ ገባው። "ይህን እየዋጡ እንዲህ መሆን አልነበረባቸውም" አለ።

ልብስ ሰፊው ቆሞ ከማየት በቀር ምንም ማድረግ አልቻለም። በመጨረሻ መድኃኒት የምትገዛውን ታላቅ እህቱን ያዘ።

"እትዬ፣ ርካሽ ፍለጋ የማይረባ እየገዛሽላት ነው!"

"እኔ? ለገዛ እናቴ?" አለች እህቱ። እያለቀሰች ወጣች፤ ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጠችም።

እናትየው ሁሉንም ሰምታለች። "እህትህን አትውቀሳት፣ ልጄ" አለችው።

ውሃ የወሰደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። ልብስ ሰፊውም የሚያደርግላት ነገር ሲያጣ፣ ገንዳውን እንኳ ላሳምርላት ብሎ ወደ ዓሣ ሻጩ ሄደ። ባለ ጢሙን በማምጣቱ ብትቆጣም ስታየው ትስቃለች፤ ያንን ጢም አይቶ የማይስቅ የለም።

ሲመለስ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ባለ ጢሙን ቀስ አድርጎ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። ዓሣው ታች ሲደርስ አፍንጫውን አሸዋው ውስጥ ቀብሮ መቆፈር ጀመረ።

እናትየው ዓይኗን ገለጠች። ገንዳውን አየች፣ ከዚያ ልጇን።

"ምነው ልጄ" አለች በቀስታ። "አታምጣ ብዬህ አልነበር?"

አንድ ብርማ ቁራጭ ከአሸዋው አምልጦ ወደ ላይ ተንሳፈፈ፤ ዳሩ በመቀስ የተቆረጠ፣ ኪኒኑ ከነማሸጊያው፤ ከኋላው ሌላ፣ ከኋላው ደግሞ ሌላ።