አርባ አራተኛው ፊርማ

ሊያ ያርጋል በሰባት ወሯ ሞተች።

ሳሉ የጀመራት ቅዳሜ ነበር። ሰኞ ማለዳ አባቷ ያርጋልና እናቷ ደብሪቱ ተራ በተራ አዝለው ጤና ጣቢያ አደረሷት። ነርሷ የሕፃኗ ትንፋሽ ማጠሩን አየችና «እዚህ ለዚህ የሚሆን የለንም» ብላ ስልክ ደወለች። «የአምቡላንስ መኪናው ከጎንደር ተነሥቷል፤ ጠብቁ» አለች። ጠበቁ። መኪናው የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሊያ ያረፈችው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር።

መኪናው የዘገየው ከዳባት ወዲህ አንድ ረጅም ተጎታች መንገዱን ዘግቶ ስለቆመ ነው። ተጎታቹ የጫነው የነፋስ መለኪያ ምሰሶ ነበር። ያስመጣው ደግሞ በጭላ ተረተር ላይ ፋብሪካ ሊተክል ያሰበው ድርጅት ነው። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ከስድስት ወር በኋላ ድርጅቱ የመሬት ውል ሲያስፈርም፣ አርባ ሦስት ገበሬዎች ፈርመው ያርጋል ብቻ ሲቀር የገረመው ሰው አልነበረም። ማሳው ትንሽ ናት። ወደ ተረተሩ የሚወጣው መንገድ ግን በመሃሏ ነው የሚያልፈው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ደርቤ ቤቱ ድረስ መጣ።

«መሬት የመንግሥት ነው፤ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ ጋሼ ደርቤ። ውሰዱት እንግዲህ። ለምን ትለምኑኛላችሁ?»

ለፋብሪካው የሚያበድሩት ሰዎች የሁሉም ፊርማ ካልተሟላ አንድ ብር አንሰጥም ብለዋል።

በትምህርት ቤቱ ክፍል ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ ቴዎፍሎስ ከአዲስ አበባ የመጣ ትሑት ወጣት ነው። ሰሌዳው ላይ እየሣለ አስረዳ። ነፋሱ መብራት ይሰጣል። በመብራቱ ውሃ ይሰነጠቃል። የሚወጣው ሃይድሮጅን ታምቆ ለማዳበሪያ መሥሪያ ይሄዳል። ጭስ የለውም።

ያርጋል ከኋላ ወንበር ተነሣ።

«ሃይድሮጅኑን ትወስዳላችሁ። የቀረውንስ?»

«የቀረው ጉዳት የለውም። ወደ አየር እንለቀዋለን።»

«ስንት?»

«ምን ስንት?»

«በቀን ስንት ትለቃላችሁ?»

ቴዎፍሎስ ወደ ደርቤ ተመለከተ። «ብዙ ነው» አለ።

ክፍሉ አጉረመረመ። ደርቤ ጠረጴዛውን መታ። «ሌላ ጥያቄ!»

ያርጋል ደብተሩን አውጥቶ «ብዙ» ብሎ ጻፈና ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ያደረገው ሁሉ ለደርቤ ይነገረው ነበር። ዳባት ሄዶ ድሮ አሥረኛ ክፍል ያስተማረውን የኬሚስትሪ መምህር አነጋገረ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ። ሲመለስ ፋብሪካው ከሚተከልበት ችካል ተነሥቶ እስከ ጤና ጣቢያው በር ድረስ በእርምጃ ለካ። ጠላ ቤት በር ላይ የተቀመጡ ጎረምሶች አዩት።

«ያርጋል! መርዙ ስንት እርምጃ ይሄዳል?»

«ነፋሱንም ሊከስ ነው አሉ!»

«ጠጡ እናንተ» አለና ቆጠራውን ቀጠለ። ሁለት ሺህ አንድ መቶ ሆነ።

ቤት ሲገባ ደብሪቱ ደብተሩን ተቀብላ የጻፈውን አነበበች።

«ልጄን አይመልስልኝም» አለች።

«አይመልስም።»

«እስክሪብቶውን አምጣ» አለችና የመጀመሪያዋ ፈራሚ ሆነች። በማግሥቱ ያርጋል ደብተሩን ይዞ ቤት ለቤት መዞር ጀመረ።

ደርቤ ከገበያ የሚመለሱትን እትዬ ሰብሌን መንገድ ላይ አስቆማቸው።

«እርስዎም ፈረሙ?»

«አውራ ጣቴን ሰጠሁ።»

«ምን ይላል ወረቀቱ?»

«እኔን ማን ፊደል አስቆጠረኝና! ልጁን የቀበረ ሰው ደጄ ድረስ መጥቶ ጣትዎን ቢለኝ እምቢ ልበለው? አንተ ትለዋለህ?» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው አለፉ።

የዚያኑ ቀን ደርቤ ለቴዎፍሎስ ደወለ። «ሁለት መቶ ስድስት ሰው አስፈርሟል። ፋብሪካችሁ አለቀለት።»

ዓርብ ጠዋት የመጨረሻው ስብሰባ ሆነ። ቴዎፍሎስ ውሉን ይዞ መጣ። ደርቤ ሁለት ሚሊሻ ይዞ መጣ። ክፍሉ ሞልቶ ሰው በመስኮት ይመለከታል። ያርጋል ገባ፤ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ሳልልህ ቀርቻለሁ» አለ ቴዎፍሎስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የዚያን ቀን መንገዱን የዘጋነው እኛ ነን። ካሳ ከሆነ የምትፈልገው...»

«ካሳ አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ፋብሪካው እንዲቀር ነው?»

«ያን ነገር ወደ ሰማይ እየለቀቃችሁ አንድ ቀን አትሠሩም» አለ ያርጋል። «አንድ ቀን! በማሳዬ የምታልፉት ደረቴን ረግጣችሁ ነው።»

«አፍህን ሰብስብ!» አለ ደርቤ።

ሚሊሻዎቹ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጡ። ከኋላ ወንበሮች ተንኳኩ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እትዬ ሰብሌም ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። ሚሊሻዎቹ ተያዩና ባሉበት ቀሩ።

ያርጋል እጁን ዘረጋ። «ውሉን ስጠኝ።»

«እንዳትሰጠው፤ ይቀደዋል!» አለ ደርቤ።

ቴዎፍሎስ አመነታ። ከዚያ ሰጠው።

ያርጋል ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የተፈረመበትን ደብተር ከጎኑ ከፈተ። በደብተሩ ራስጌ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከአሥራ አራተኛው አንቀጽ ሥር፣ ቁጥር አሥራ አምስት ብሎ፣ በእጁ ገለበጠና ፈረመበት፦

«ወደ ሰማይ ሊለቀቅ የነበረው ኦክስጅን በሲሊንደር እየተሞላ ለጤና ጣቢያው ይሰጣል።»